የአምስት ሴንቲሜትር ውሃ

ልጅቷ የተወለደችው በ31 ሳምንቷ ነው። ክብደቷ 1,350 ግራም። እናቷ ሆስፒታል የደረሰችው ምጧ ገፍቶ ስለነበር፣ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ ለመስጠት ጊዜ አልነበረም። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ስትመጣ ታቃስታለች። ከሩቅ ለሚሰማው ለቅሶ ይመስላል። ግን አይደለም። አየር ስታስወጣ ጉሮሮዋን አጥብባ፣ ትንሽ እንኳ ሳንባዋ ውስጥ ለማስቀረት እየታገለች ነው። ደረቷ ስርጉድ ስርጉድ ይላል።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በነርስነት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ወንድ ልጅ እንዲሁ ሲያቃስት አድሮ ነበር። ኦክስጅን በካኑላ፣ አፍንጫ ላይ በሚደረግ ቀጭን ቱቦ፣ አደረግኩለት። ሳቹሬሽኑ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን፣ ሲወርድ ጨመርኩ። ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ ጨመርኩ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ልቤ አረፈ። ደረቱን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። ሊነጋ ሲል ደከመውና መተንፈስ አቆመ። በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው አምቡ ባግ ብንሞክርም አልተመለሰም። እናቱ "ሲስተር፣ ኦክስጅን ነበረው አይደል?" አለችኝ። ነበረው።

ያኔ ያልገባኝ፣ ኦክስጅን መስጠትና ሳንባን ክፍት አድርጎ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የሳንባ ትንንሽ ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ይጣበቃል። እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የሚባለው ነገር ነው። ሕፃን በበቂ መጠን የሚያገኘው ግን ወደ እርግዝናው መጨረሻ ነው። ከሌለው፣ ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይሟሽሻሉ። አዲስ ፊኛ መጀመሪያ ሲነፋ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት። ይህ ሕፃን በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ አዲስ ፊኛ ይነፋል። በ1963 እ.ኤ.አ. የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ሞቷል። የፕሬዝዳንት ልጅ ሆኖ እንኳ የሚያድነው አልተገኘም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ከሳን ፍራንሲስኮ አንድ መላ አሳተሙ፦ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ሳያቋርጡ በቀስታ በአየር መግፋት። ሲፓፕ የምንለው ይሄ ነው።

ለልጅቷ ሳንውል ሳናድር ሲፓፕ ጀመርን። የእኛ በጠርሙስ የሚሠራው ነው። ከአፍንጫዋ የሚመለሰው ቱቦ ጫፉ ውሃ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ይጠልቃል። ግፊቱን የሚወስነው ያ ጥልቀት ነው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግፊቱ አለ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃው ጸጥ አለ። እሷም ማቃሰት ጀመረች። እጄ መጀመሪያ የሄደው ቱቦውን ይበልጥ ወደማጥለቅ ነበር። ያ ስህተት ይሆን ነበር፤ አየር የሚሾልክበት ቦታ ካለ ማጥለቁ ምንም አይጠቅምም። ከጠርሙሱ ተነስቼ ቱቦውን ተከትዬ እስከ ፊቷ ሄድኩ። አፏ ተከፍቷል፤ የአፍንጫው መሰኪያም ለአፍንጫዋ አንሶ በጎኑ አየር ያሾልክ ነበር። መሰኪያውን በአንድ ቁጥር ከፍ አደረግን። አገጯ ስር ትንሽ ጥቅል ጨርቅ አስገባን። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

ሌላውን ሁሉ የተማርኩት በሌሎች ሕፃናት ነው። አንዱን ልጅ መሰኪያው የአፍንጫውን መሐል ተጭኖ አቁስሎብኛል፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሰዓቱ ሳላይ አላልፍም። አየር ሆድም ይነፋል፤ ስለዚህ በአፍ ወደ ጨጓራ የገባውን ቱቦ ጫፉን ክፍት እንተዋለን። አየርና ኦክስጅን የሚቀላቅል መሣሪያ ስላለን ሳቹሬሽኑ ከ95 ሲያልፍ ኦክስጅኑን እንቀንሳለን፤ የበዛ ኦክስጅን ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን ዓይን ይጎዳል። ደህና የነበረ ሕፃን በድንገት ቢብስበት ደግሞ አየር ከሳንባው ወጥቶ ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪም እጠራለሁ፤ መብራት አጥፍተን በትንሽ ባትሪ ደረቱን እናበራለን። አየር የተጠራቀመበት ጎን ከሌላው ይልቅ ደምቆ ይበራል።

በአምስተኛው ቀን ሲፓፑን አወጣንላት። እናቷ ልብሷን ከፍታ ደረቷ ላይ አስተኛቻት። ጥቂት ቆይታ "ሲስተር፣ ዛሬ ድምፅ የለም፤ ደህና ናት?" ብላ በፍርሃት ጠራችኝ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። እያቃሰተች አልነበረም። ተኝታ ነበር።