የቱ ሦስት ሰዓት?

ጅማ ውስጥ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚጠይቁትን ዋና ኮምፒውተር፣ የምከታተለው እኔ ነኝ። ቅሬታው ሁሌ አንድ ነበር፦ «ሦስት ሰዓት አካባቢ ሲስተሙ ይተኛል።» በየቀኑ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ።

የሰርቨሩን ሁኔታ በየጊዜው የሚለካውን ፕሮሜቲየስንና ልኬቱን በግራፍ የሚያሳየውን ግራፋናን ጫንኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ጉዱ የመጣው ግራፉን ከሎጉ፣ ሰርቨሩ የሠራውን ከነሰዓቱ ከሚጽፍበት መዝገብ፣ ጋር ላስተያይ ስል ነው። ሎጉ ላይ በ03:00 ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ይጀምራል። ገንዘብ ያዧ ሦስት ሰዓት ትላለች፣ ሎጉም ሦስት ይላል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ባክአፑን ወደ ሌላ ሰዓት አዛወርኩና ለአለቃዬ «ተገኝቷል» አልኩ። በማግስቱ ሲስተሙ እንደገና ተኛ።

ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ ነው፤ ይህ የዓለም የጋራ ሰዓት ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የእሱ 03:00 ለእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ያኔ ሱቁ አልተከፈተም። የገንዘብ ያዧ ሦስት ሰዓት ሎጉ ላይ 06:00 ነው። ግራፋና ደግሞ የኮምፒውተሬን ሰዓት ተከትሎ 09:00 ይለዋል። እዚሁ አገር ተወልጄ አድጌ ይህን ለማየት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። እስካሁን ያበግነኛል።

በዚህ መሃል ሶፍትዌሩን የሸጠልን ድርጅት በስልክ የሰጠኝ መልስ «ራም ጨምሩ» ነበር፤ የሰርቨሩን የሥራ ማህደረ ትውስታ ማለቱ ነው። ግራፍ አላየ፣ ሎግ አልጠየቀ። እኔም ጨመርኩ! ምንም ለውጥ የለም።

ግራፉ ላይስ 09:00 አካባቢ ለምን ምንም አልታየኝም? የ5 ደቂቃ አማካይ ስለማይ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጭንቅ እዚያ ውስጥ ይሟሟል። ከአማካዩ ጎን ከፍተኛውን ሳወጣ እንደ ቀስት የቀጠኑ ጫፎች ብቅ አሉ። ግን የምን ጫፎች? ሎጉ ዝም።

መልሱ በጥበቃችን በጋሼ ደብተር ላይ ነበር። ጋሼ መብራት ሲሄድ፣ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ መብራት ሲመለስ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ነዳጅ የሚወራረደው በዚያ ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ላይ ስለሆነ መብራት መሄዱን እንኳ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ላንዳፍታ ያውሱኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ነዳጅ ጎደለ እንዴ?»

እያንዳንዱን መዝገብ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አድርጌ ሰካሁት። የቀኖቹ ገጠሙ፣ የሌሊቶቹ እምቢ አሉ። ለካ ጋሼ ገጽ የሚገልጡት ሲነጋ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የጻፉት የትናንቱ ገጽ ላይ ነው፤ ግራፉ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ቀይሯል። አንድ ምሽት ሙሉ በእጄ አስተካከልኩ።

ከዚያ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። «ጄኔሬተር ተነሳ» ካለው መስመር ቀጥሎ ጫፍ አለ። የሽያጭ ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ የላቸውም፤ እኩል ጠፍተው እኩል ይነሳሉ፣ ሲነሱም ሙሉ የመድኃኒት ዝርዝሩን በአንዴ ከሰርቨሩ ይጠይቃሉ። ይህ በሌላ ሰዓትም ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ላይ ግን ወረፋው ሙሉ ስለሆነ ሰው ይጮኻል።

መመሪያዎች ሁሉ «ሁሉም ነገር በዩቲሲ ይሁን» ይላሉ። ለማስቀመጥ እስማማለሁ። ለማሳየት ግን አልሰማቸውም። የግራፋና ሰዓት ምርጫ ውስጥ የእኛ አቆጣጠር ስለሌለ ትንሽ ገጽ ራሴ ጻፍኩ፦ ከላይ ፍጥነቱ፣ ከሥር ክስተቶቹ፣ የሰዓት መስመራቸው የጋራ፣ ሰዓቱ በሀበሻ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ስድስት ሰዓት የሚቀነሰው ከሚታየው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የተቀመጠውን የዳታውን ሰዓት ራሱን ገፍቼው ሁለት ቀን አተራመስኩት። ግራና ቀኝ ሁለት የተለያየ መለኪያ ያለው ግራፍም አትሥሩ፤ የማይገናኙትን መስመሮች ዘመድ ያስመስላል።

ኮምፒውተሮቹን አሁን አንድ በአንድ ነው የምንከፍተው። በዚያ በራሙ ብር ለሽያጭ ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ ይገዛ ነበር። አለቃዬን እንደገና ብር ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ጋሼ ግን «ሰከንዱንም ልጻፈው?» ብለውኛል።