የፍሬን ጌጄ 40 ሜትር ሲዘገይ

ቪዲዮው መጨረሻ አካባቢ፣ ሦስተኛው ኩርባ ጋ ደርሻለሁ። መሪውን አዙሬያለሁ፣ መኪናው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያስቀመጥኩት የፍሬን ጌጅ (ፍሬኑ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያሳይ ጠቋሚ) ግን መነሳት የጀመረው ገና አሁን ነው። ፍሬን የያዝኩት ከኩርባው በፊት ነው፤ እግሬ ያውቃል። ጌጁ ግን “የለም፣ ኩርባው መሃል ላይ ነው የያዝከው” እያለ ይከራከረኛል። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ የለፋሁበት፣ ጥላ ሳይቀር ያበጀሁለት ጌጅ ውሸታም ሆኖ ቁጭ አለ።

ትራክ ላይ ስነዳ ካሜራ እሰቅላለሁ። ቤት ስገባ ቪዲዮው ላይ ፍጥነት፣ የዙር ሰዓትና የትራኩን ካርታ እደርብበታለሁ። እንደ ሬስሬንደር ያሉ ፕሮግራሞች ለዚህ የተዘጋጁ ጌጆች አሏቸው። ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ለእኔም ለረጅም ጊዜ በቅቶኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳኝ። ፍጥነቱ ሲወርድ አያለሁ፣ እግሬ እንዴት እንዳወረደው ግን አላይም። ኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚሰጥበት መሰኪያ) በሚሰጠው መደበኛ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የፍሬን ግፊት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከነሴንሰሩ የራሴን ጌጅ ልሠራ ተነሳሁ።

ሴንሰሩ ፍሬን ዘይት መስመሩ ላይ የሚገባ ነው። እሱን እኔ አልነካሁትም። ፍሬን ቀልድ አይደለም፤ መካኒክ ገጠመው፣ ከመስመሩ አየር አስወጣ፣ እንደማያፈስ አረጋገጠ። የእኔ ሥራ የጀመረው ከሽቦው በኋላ ነው። ሴንሰሩ እስከ 160 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያነባል፤ ግፊት ሳይኖር 0.5 ቮልት፣ መጨረሻው ላይ 4.5 ቮልት ይሰጣል። አርዱዊኖ የሚባል አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይህን በሰከንድ 50 ጊዜ እያነበበ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከቮልቱ ላይ 0.5 ቀንሶ በ40 ማባዛት። እኔ መቀነሱን ረስቼ አበዛሁ። መኪናው ቆሞ፣ እግሬ መሬት ላይ ሆኖ፣ ጌጁ 20 ባር ያሳያል! ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ አንድ ሙሉ ማታ ሽቦ ስነቅል ስሰካ አደርኩ።

የሞተሩን ዙርና የነዳጅ ፔዳሉን ከኦቢዲ ነው የወሰድኩት፤ በብሉቱዝ ወደ ስልኬ ይመጣል። እዚህ ላይ ስግብግብነት ጎዳኝ። መጀመሪያ ዘጠኝ ነገር ነበር የምጠይቀው፤ የውሃ ሙቀት፣ የአየር ሙቀት፣ ምን የቀረ አለ። ኦቢዲ ግን አንድ ጥያቄ ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይሰማል። ጥያቄ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ተራ ይርቃል። የሞተር ዙሩ ጠቋሚ እንደ እንቁራሪት ይዘል ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ስጠይቅ ነፍስ ዘራ። ለሚሞክር ሰው ልንገረው፦ የሞተር ዙር የሚመጣው በሁለት ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን በ256 አባዝቶ ሁለተኛውን መደመር፣ ውጤቱን ለ4 ማካፈል። 93 እና 192 ከመጡ ሞተሩ በ6000 ዙር እየጮኸ ነው ማለት ነው።

የጌጁን ሥዕል በፓይተን የኮድ ቋንቋ ሠራሁ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የቪዲዮ ፍሬም (ቪዲዮው ለተሠራበት ነጠላ ምስል) አዲስ ጌጅ ነበር የማስለው። 20 ደቂቃ ማለት 36 ሺህ ገደማ ምስል ነው። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ጠዋት ዲስኩ ሞልቶ አገኘሁት። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጠቋሚዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው 240 ዲግሪ ብቻ ነው። በአንድ አንድ ዲግሪ 241 ምስል አስቀድሜ ሠራሁና ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚስማማውን መምረጥ ብቻ ሆነ። ከዚያ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ቪዲዮው ላይ ይደርባቸዋል። ጌጁን ለብቻው ቪዲዮ አድርጋችሁ ልታወጡት ካሰባችሁ፣ የተለመደው የቪዲዮ ዓይነት፣ ኤች 264፣ አሳላፊ ጀርባ ስለማይዝ ጥቁር ሳጥን ይሆንባችኋል። ፕሮሬስ 4444 የሚባለው ዓይነት ይይዛል፤ ፋይሉ ግን ግዙፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሸታሙ ጌጅ ልመለስ። ሦስት ሰዓት ቆጣሪ አለኝ፤ የካሜራው፣ የስልኩና የአርዱዊኖው። ሦስቱም የየራሳቸውን ይቆጥራሉ። መጀመሪያ በዓይኔ ነበር የማገጣጥማቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ እያየሁ “እዚህ ጋ ይመስለኛል” እላለሁ። የመጀመሪያው ዙር ልክ ይመጣል፣ መጨረሻው ግን ይበላሻል። መጨረሻውን ሳስተካክል መጀመሪያው ይፈርሳል። ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ብሉቱዙን ጠረጠርኩ፣ አርዱዊኖውን ሰደብኩ።

ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። የካሜራው ሜኑ “30” ይላል፤ እኔም የፍሬሙን ቁጥር ለ30 እያካፈልኩ ሰዓት አወጣ ነበር። ካሜራው ግን በትክክል የሚቀርጸው በሰከንድ 29.97 ፍሬም ነው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ስለሆነ ዓይን አይገባም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን 1.2 ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ደግሞ 1.2 ሰከንድ 40 ሜትር ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ያጣኋት 40 ሜትር ይቺው ናት። አንድ መስመር ኮድ አስተካከልኩ፣ አለቀ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሁለት ሳምንት!

አሁን በዓይን መገመት ትቻለሁ። ካሜራው በሚያየው ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ለጥፌያለሁ። አርዱዊኖው መጻፍ ሲጀምር ያበራታል፣ ያበራበትንም ቅጽበት ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። ሲጨርስም እንዲሁ። ቪዲዮው ላይ መብራቷ የበራችበትን ፍሬም ፈልጌ ከፋይሉ ጋር አያይዛለሁ። ሁለተኛው ብልጭታ ቦታው ላይ ካልወደቀ ሰዓቶቹ መንገድ ላይ ተለያይተዋል ማለት ነው። ለስልኩ ደግሞ ከመነሳቴ በፊት መኪናው ቆሞ ሦስት ጊዜ ነዳጅ እሰጣለሁ። በድምፁ ላይ ሦስት ጉብታ፣ በሞተር ዙሩ ላይ ሦስት ጉብታ። እነሱን አንድ ላይ ማሳረፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ነገር አመለጠኝ። የፍሬኑ መስመር ስለሚንቀጠቀጥ ያለፉትን 25 ንባቦች አማካይ እየወሰድኩ አለሰለስኩት። ሲያዩት ያምራል። ግን ጌጁ እንደገና ሩብ ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ቀረ፣ ጫፉም ተቆረጠ። እኔ የማየው የኋላውን ብቻ ነበር። ቪዲዮ እኮ የሚዘጋጀው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ከፊትና ከኋላ እኩል ወስዶ አማካይ ማውጣት ይቻላል። እንደዚያ ሲደረግ መዘግየቱ ይጠፋል። የንባቡንም ብዛት ወደ 7 አወረድኩት። ትንሽ ይንቀጠቀጥ፣ እውነቱን ይናገር።

ሁሉም ነገር ደግሞ አይለሰልስም። ጂፒኤሴ ፍጥነቱን በሰከንድ 10 ጊዜ ነው የሚነግረኝ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለውን ፍጥነት አስልቼ ስሞላ ጠቋሚው ውሃ ሆነ። ደስ ብሎኝ ለማርሹም ያንኑ አደረግኩ። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀየር ስክሪኑ ላይ “3.4” የሚል ማርሽ መጣ። እንዲህ ያለ ማርሽ ያለው መኪና ካያችሁ ንገሩኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያ ሁሉ የተደከመለት ክብ ጌጅ የፈለግኩትን አለማሳየቱ ነው። ጠቋሚው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከመንገዱ ጋር አብሮ ለማየት ዓይን አይደርስበትም። አጥፍቼው በምትኩ ያለፉትን 4 ሰከንዶች የሚያሳይ ተንሸራታች መስመር አስገባሁ። ውበት የለውም። ሆስፒታል ያለውን የልብ ምት ማሳያ ይመስላል።

በእሱ ግን የመጀመሪያውን ዙር ሳይ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ መጣ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አንድ ጉብታ መሆን ያለበት ቦታ ሁለት ጉብታ አለ። ፍሬን እይዛለሁ፣ እፈራና ላላ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እንደገና እይዛለሁ። ይህን ሳደርግ እንደነበር ጨርሶ አላውቅም። ብትጠይቁኝ አንዴ ነው የያዝኩት ብዬ እምል ነበር። ባለፈው ስነዳ ያቺን ኩርባ ብቻ እያሰብኩ ገባሁ። የመጀመሪያው ዙር፣ አንድ ጉብታ። ሁለተኛው፣ አንድ። ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ ሌላ መኪና ተጠጋኝና ሁለቱም ጉብታዎች ተመልሰው መጡ።