ሻማዋ እስክትበራ፦ የዘይት ቀለም የተማርኩበት ሥዕል

የዘይት ቀለም ልማር ብዬ ስነሳ ምን እንደምስል አላውቅም ነበር። ስለዚህ የምወደውን አንድ ሥዕል መርጬ አስመስዬ መሳል ጀመርኩ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ደ ላ ቱር እ.ኤ.አ. በ1642 ገደማ የሳለው «አናጺው ቅዱስ ዮሴፍ» ነው። ዋናው ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። አረጋዊው ዮሴፍ ጎንበስ ብሎ እንጨት ይሰረስራል። ሕፃኑ ኢየሱስ ሻማ ይዞ ያበራለታል። በሌላኛው እጁ ነበልባሏን ስለከለላት ብርሃኑ በጣቶቹ ሥጋ ውስጥ አልፎ ይታያል። እኔን የያዙኝ እነዚያ ጣቶች ናቸው።

ሥዕሉ ቀለም አያበዛም፤ ይሄ ለጀማሪ ትልቅ እረፍት ነው። ቡናማ፣ ቀይ፣ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይዤ ጀመርኩ።

ዋናው ቁመቱ 137፣ ወርዱ 102 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔን ሸራ ግማሽ አደረግኩት። ፎቶውም ሸራውም ላይ ካሬዎች አስምሬ ንድፉን ካሬ በካሬ አሻገርኩ። ከዚያ በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ በተርፔንታይን፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ፣ አቅጥኜ ሸራውን ሙሉ ቀባሁት። ሳይደርቅ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠረግኩ። በአንድ ከሰዓት ዮሴፍ ከጨለማው ብቅ አለ። ያን ቀን ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ሻማዋ ጋ ስደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። እንድትበራ ነጭ ጨመርኩ፤ አልበራችም። ደግሜ ጨመርኩ፤ ኖራ መሰለች። የልጁ ፊትም ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ሁለት ሳምንት እዚያው ታገልኩ። በመጨረሻ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት፤ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ከሸራዬ ጋር አስተያየሁ። የእኔ ጨለማ ለካ ጨለማ አይደለም፤ ግራጫ ነው! ጥፋቱ ሻማዋ ዙሪያ እንጂ ሻማዋ ላይ አልነበረም። የጫንኩትን ነጭ በፓሌት ቢላ (በቀለም መቀላቀያ ቢላ) ገፍፌ አነሳሁ። ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ጨለማና የዮሴፍን ትከሻ በስሱ፣ ደጋግሜ አጠቆርኩ። አንዲት ጠብታ ነጭ ሳልጨምር ሻማዋ በራች።

ጣቶቹንም በቢጫ ጀምሬያቸው ነበር። ረጋ ብዬ ሳያቸው ግን ወደ ቀይ ብርቱካናማ ያደላሉ። ፈካ ያለ ቀለም ከሥር ቀብቼ፣ በደንብ ሲደርቅ ቀዩን በተልባ ዘይት አቅጥኜ ደረብኩበት። የሥሩ ብርሃን በቀዩ አልፎ ሲወጣ ሥጋው ሕይወት ዘራ።

ትዕግሥት ያስተማረኝ ማድረቁ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ ጥቁር ግን ቀናት ያስጠብቃል። እኔ ቸኩዬ፣ ዘይት በበዛበት እርጥብ ጥቁር ላይ በተርፔንታይን የቀጠነ ቀለም ደረብኩ። ከወራት በኋላ የሥዕሉ ጥግ ተሰነጣጠቀ። ዘይት ያነሰው ከሥር፣ ዘይት የበዛው ከላይ መሆን ነበረበት።

ስለ ጨርቁም ልንገራችሁ፤ ቀልድ አይደለም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ እሳት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ደጅ ዘርግቼ ነው የማደርቀው።

አሁን የቀረኝ የዮሴፍ ግንባር ነው፤ ሽብሽቦቹ ላይ የሻማዋ ብርሃን ያርፋል። ብርሃኑን ገና አልነካሁትም፤ መጀመሪያ ጥላቸውን እየቀባሁ ነው።