የሪፈረንደም ጥናቴ፣ ሦስተኛ ወር፦ ኔቪስን በስህተት ነፃ አወጣኋት

ሰላም ሰላም፣ ስለ መገንጠል ሪፈረንደሞች ማንበብ ጀመርኩ ብያችሁ አልነበር፣ ይኸው ሦስት ወር ሞላኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ኤክሴል ከፍቼ አገር፣ ዓመት፣ ፐርሰንት መሙላት ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኤርትራ 1993፣ 99.8። ደቡብ ሱዳን 2011፣ 98.8። ከዛ ከ50 በላይ ያመጣውን ሁሉ "ተገነጠለ" የሚል ፎርሙላ ሰጠሁት። አንድ ጓደኛዬ ሺቱን ሲያይ "ኔቪስ የሚባል አገር ደሞ መቼ ተፈጠረ?" አለኝ። ካሪቢያን ላይ ያለች ሚጢጢዬ ደሴት ናት፣ 1998 ላይ 61.8 ፐርሰንቱ እንገንጠል ብሎ ነበር ግን ህገ መንግስቱ ሁለት ሦስተኛ ስለሚጠይቅ እስካሁን ከሴንት ኪትስ ጋር ነች። ነፃ ያወጣኋት እኔ ነኝ ሃሃሃ።

ሺቱን አፍርሼ "ስንት ይበቃል" እና "ማን ይመርጣል" የሚሉ ኮለሞች ጨመርኩ፣ ለካ ጉዱ ያለው እዛ ነው። ሞንቴኔግሮ 2006 ላይ ከሰርቢያ ልትለይ ስትመርጥ የአውሮፓ ህብረት 55 ካልሞላ አልቀበልም ብሎ 55.5 አመጡ፣ ለጥቂት! የካናዳዋ ኩቤክ 1995 ላይ ግማሽ ብቻ ይበቃው ነበር፣ 49.4 ላይ ቀረ፣ ልዩነቱ 54 ሺ ድምፅ ገደማ ነው፣ ውድቅ የተደረገው ወረቀት ከዛ ይበልጣል። የኛው አንቀፅ 39 ደግሞ (ሁሉም ይጨቃጨቅበታል፣ ዝርዝሩን ያነበበው ግን ጥቂት ነው) ሁለት ሦስተኛውን የሚጠይቀው ከብሔሩ ምክር ቤት ነው፣ ህዝቡ ጋ ሲደርስ አብላጫ ድምፅ ይበቃል።

የደቡብ ሱዳን ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ብዙ ፈዝዣለሁ። ማንበብ ለማይችለው ተብሎ ስዕል አለው፣ ለአንድነት የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ ለመለየት ብቻዋን የተዘረጋች መዳፍ። ቻው የምትል ነው የምትመስለው።

"ማን ይመርጣል" የሚለው ላይ ግን ያመመኝ የኤርትራው ነው። አዲስ አበባ የነበሩ ኤርትራውያንም እዛው ሆነው መርጠዋል፣ ያኔ ችግር የለም ተባለ፣ 1998 ጦርነቱ ሲነሳ ግን መምረጣችሁ የኤርትራ ዜጋ አድርጓችኋል ተብሎ ብዙ ሰው ተባረረ። ይሄን በየትኛው ኮለም እንደማስገባው እንጃ፣ ለጊዜው ቢጫ ቀለም ቀብቼ ትቼዋለሁ።

አሁን የቆምኩት ኒው ካሌዶኒያ ላይ ነው፣ ፓስፊክ ላይ ያለች የፈረንሳይ ግዛት ናት። 2018፣ 2020፣ 2021 ሦስቴ መረጡ፣ በመጨረሻው ነፃነት ፈላጊዎቹ አንመርጥም ስላሉ እምቢታው 96.5 ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ረድፍ ላድርጋት ሦስት? ዳታ ላይ የምትሰሩ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።