የአትክልትና የቤተሰብ ደብተራችን፦ የቲማቲሙ ፍሬ ከታች የጠቆረበት በጋ

ባለቤቴና እኔ ጡረታ ከወጣን ይህ ሦስተኛው በጋችን ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቲማቲም ስንተክል ሁሉን በቃል እንይዝ ስለነበር፣ ምኑ እንደተሳካና ምኑ እንደተበላሸ ዓመቱ ሲዞር ይረሳን ነበር። ዘንድሮ አንድ ደብተር ይዘን እያንዳንዱን ገጽ በመሥመር ለሁለት ከፈልነው፤ ባለቤቴ ጠዋት አትክልቱን ካዩ በኋላ በግራ በኩል የሠሩትን ይመዘግባሉ፤ እኔ ደግሞ ማታ በቀኙ በኩል የቤቱንና የልጆቻችንን ወሬ እጽፋለሁ። ከእናንተ ጋር ላካፍለው የፈለግሁት ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን መሆናቸው ያስተማረንን ነው።

የተከልነው 12 ችግኝ ሲሆን፣ አበባው ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ፍሬው የእንቁላል ያህል ሲሆን ግን ከታች፣ አበባው በረገፈበት ጫፍ ላይ፣ መጀመሪያ ውኃ የቋጠረ የሚመስል፣ ቆይቶም ጠቁሮ የሚሰረጉድና እንደ ቆዳ የሚደርቅ ምልክት ወጣበት። ተላላፊ በሽታ መስሎን መድኃኒት ልንረጭ ተነሥተን ነበር፤ ደግነቱ አስቀድመን ማንበብ ጀመርን።

ጉዳቱ ከተባይም ከጀርምም የሚመጣ ሳይሆን ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው የሚደርስበት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ካልሲየሙ በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ነው። ካልሲየም ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ከውኃ ጋር ሲሆን፣ ውኃው በአብዛኛው የሚሳበው እርጥበትን በብዛት ወደሚያተኑት ቅጠሎች ስለሆነ ለፍሬው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አፈሩ አንዴ ክው ብሎ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ቀድሞ የሚጎዳው ፍሬው፣ ከፍሬውም የታችኛው ጫፍ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ቅጠሉን እያፋፋ ችግሩን ያብሰዋል።

ባለቤቴ ውኃ ሳያቋርጡ እንዳጠጡ እርግጠኛ ነበሩ። በግራው ዓምድ 6 ባዶ ቀናት ስናይም መጻፍ የተረሳ መሰለን። መልሱ ከጎኑ ነበር፤ ልጃችን ሁለተኛ ልጇን የተገላገለችው በዚያው ሰሞን ነው። ሴት ልጅ ናት፤ እናቲቱም ሕፃኗም ደኅና ናቸው። ሌሊት ተደውሎልን እንደነገሩ ለብሰን ወጣን፤ ስንመለስ የጠወለገውን አትክልት አይተን በመደንገጥ በአንድ ምሽት አጥለቀለቅነው። የልጅ ልጁን የልደት ቀን የሚረሳ አያት የለም፤ ከቲማቲሙ ጋር ግን ገጹን አብረን እስክናነብ ድረስ ጨርሶ አላያያዝነውም ነበር።

የጠቆረ ፍሬ ስለማያገግም ለቅመን ጣልነው። ሥሩን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ሸፈንን፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፉን ትተንም በሳምንት ሦስት ጊዜ ማለዳ ማለዳ ውኃው ወደ ታች ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣት ጀመርን። እናቱ እፎይ እንድትል ታላቁን የልጅ ልጃችንን፣ የ7 ዓመቱን ልጅ፣ ወደ እኛ አምጥተነው ስለነበር፣ ጣቱን በጉዝጓዙ ሥር ወደ አፈሩ እያስገባ «አያቴ፣ እዚህ ደርቋል» ብሎ መናገር የእርሱ ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ በያዙት ዘለላዎች ላይ የጠቆረ ፍሬ ሁለት ብቻ አግኝተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሬው ቀልቶ መብሰል አቅቶት ቢጫ እንደሆነ ይቆይ ነበር፤ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ሊኮፒን በእንዲህ ያለ ሙቀት በደንብ አይሠራም። ስለዚህ መቅላት እንደጀመረ እየቀጠፍን በቤት ውስጥ ጥላ ባለበት ቦታ እናበስለዋለን።

በወሩ መጨረሻ ልጁን ለትምህርት ቤት መመለሻ ወደ ወላጆቹ ስናደርስ አንድ ሳምንት ከሕፃኗ ጋር እንቆያለን። ጎረቤታችን ውኃ ሊያጠጡልን ፈቅደዋል፤ ባለቤቴም የሚያጠጡባቸውን ቀናት በግራው ዓምድ አስቀድመው ጽፈው፣ ደብተሩን ከነእርሳሱ ሊያስረክቧቸው አዘጋጅተዋል።