የሴቶች የሳይክል ቁምጣ እና የበቅሎዋ መደላድል

ባሕር ዳር ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ ሳይክል መንዳት እንደ እግር መንገድ የተለመደ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ገበያተኛውም በሳይክል ይመላለሳል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት፣ ኋላም ወደ ሥራ የሄድሁት በሳይክል ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስነዳ የምለብሰው ልብስ አሳስቦኝ አያውቅም ነበር፤ የከተማው መንገድ 20 ደቂቃ ተነድቶ የሚወረድበት ስለሆነ ቀሚስም ሱሪም ያው ነው። ነገሩ የተለወጠው ከጓደኞቼ ጋር እሑድ እሑድ ከከተማ እየወጣን ራቅ ወዳለ ቦታ መንዳት ስንጀምር ነው።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዟችን መራዊ ደርሶ መመለስ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለዚህ ቀን ብዬ ወፍራም ስፖንጅ የተሰፋበት የሳይክል ቁምጣ ገዛሁ። ሻጩ ስፖንጁን በእጁ እየጨመቀ «ይሄ አልጋ ማለት ነው እህቴ» ሲለኝ አመንሁት፤ በእጄ ስነካውም እውነት መስሎኝ ነበር። መራዊ ስደርስ ግን ከሳይክሉ ወርጄ ቀጥ ብዬ መራመድ አልቻልሁም። በሁለቱ ጭኖቼ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ይለበልበኝ ነበር፤ ከሥር የለበስሁት የውስጥ ሱሪ ጠርዝም በቆዳዬ ላይ እንደ ገመድ ምልክት ትቶ ነበር።

መራዊ የአጎቴ ቤት አለ። ለአጎቴ የሚነገር ነገር ስላልነበረ ለባለቤታቸው ጓዳ ገብቼ ነገርኋቸው። እሳቸውም ለጋ ቅቤ አምጥተው እንድቀባ ሰጡኝና ቁምጣውን ተቀብለው ስፖንጁን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ከዚያም «ልጄ፣ በቅሎ የምትገጠበው ጭነቱ ከብዷት መሰለሽ? መደላድሉ ሲላወስባት ነው እንጂ» አሉኝ። በቅሎ ሲጭኑ ያደጉ ሴት ስለሆኑ ነገሩ ለእሳቸው ግልጽ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት የሳይክል ቁምጣን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያነበብሁትም፣ በራሴ ገላ የሞከርሁትም ሁሉ የእሳቸውን ቃል የሚያጸና ሆኖ ስላገኘሁት፣ እንደ እኔ ተልጠው የሚመለሱ እህቶች እንዲያነቡት እጽፈዋለሁ። ስፖንጁንም ከዚህ በኋላ እሳቸው እንዳሉት መደላድል እለዋለሁ።

በረጅም ጉዞ ቆዳን የሚጎዱት ላብ፣ ፍትጊያ እና ጫና ናቸው፤ ሦስቱ ሲገናኙ ቆዳው ይረጥባል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይላጣል። ወፍራም መደላድል የሚያቃልለው ጫናውን ብቻ ነው፤ እሱንም በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጠ ነው። ከመጠን በላይ ወፍራምና ልል ከሆነ ደግሞ የመቀመጫ አጥንቶች ወደ ውስጡ ሰምጠው የተረፈው ስፖንጅ በመካከል ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ አጥንት ሊሸከመው የሚገባው ክብደት ለስላሳ በሆነው የሴት ገላ ላይ ያርፋል። ፔዳሉ በተመታ ቁጥርም ግራና ቀኝ ይላወሳል። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ ቁምጣ ከመግዛት በፊት የመቀመጫ አጥንቶችን ስፋት ማወቅ ይጠቅማል፤ ይህም በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። አንድ ቁራጭ ካርቶን በጠንካራ አግዳሚ ወንበር ላይ አድርጎ፣ በስሱ ልብስ ተቀምጦ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ ጥቂት መቆየት ነው። ሲነሡ በካርቶኑ ላይ ሁለት ስርጉድ ቦታዎች ይታያሉ፤ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት ይለካል። የእኔ 13 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሴቶች ዳሌ አጥንት በአማካይ ከወንዶቹ ስለሚሰፋ ለሴት የተሠራ መደላድል ከኋላ ሰፋ፣ ከፊት አጠር ይላል፤ በመሐሉም ወንዶቹ እንደሚያስፈልጋቸው ያለ ረጅም ስንጥቅ አይኖረውም። የወንድ ቁምጣ ገዝታ የምትቸገር ሴት ችግሯ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በገበያችን የሚገኘው አብዛኛው ደግሞ የወንድ ነው። ይህ የሆነው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በኦሎምፒክ የወንዶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ሲካሄድ፣ ሴቶች የራሳቸውን ውድድር ያገኙት በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ልብሱም ለረጅም ዘመን የወንድን ገላ እየተመለከተ ሲሰፋ መኖሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

አነዳዱም ይቆጠራል። በከተማ እንደለመድነው ቀና ብለን ስንነዳ ክብደታችን በኋለኛው የመቀመጫ አጥንት ላይ ስለሚያርፍ መደላድሉ ከኋላ ሰፋ ማለት አለበት። አጎንብሰው ወደ ፊት ተዘርግተው የሚነዱ ሴቶች ግን ክብደታቸው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ለእነሱ የፊተኛው ክፍል ሳይወፍር ለስላሳ፣ ጠርዙም ቀስ በቀስ እየሳሳ የሚያልቅ ሊሆን ይገባል።

የመደላድሉን ጥራት ለማወቅ ውፍረቱን ማየት አይበቃም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ አጥብቆ መጫን ነው፤ ጣቶች በቀላሉ የሚገናኙ ከሆነ ለአጭር መንገድ እንጂ ለመራዊ አይሆንም፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ለሰዓታት ጉዞ የሚሠሩት ስፖንጆች ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ በሜትር ኩብ 100 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አሉ። ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠው በታይት ላይ እንዲሰፉልኝ ለምኜ ነበር። «ጋሼ፣ እባክዎ ወፈር አድርጉልኝ» አልኋቸው፤ እሳቸውም በጥንቃቄ ሰፉልኝ። ሙያቸው ምንም አይወጣለትም፤ ነገር ግን የተለመደው የፍራሽ ስፖንጅ ክብደቱ ከዚያ ከሩቡ እምብዛም የማያልፍ ልል ነገር ስለሆነ ገና 10 ኪሎ ሜትር ሳልነዳ እንደ ወረቀት ተጣበቀ።

ከሁሉ በላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከቁምጣው ሥር የውስጥ ሱሪ በመልበስ ነው። የሳይክል ቁምጣ የሚለበሰው በባዶ ገላ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ አሉ፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፦ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ላቡን ይዞ ይቆያል፣ ስፌቱና ላስቲኩም በገላና በመደላድሉ መካከል ገብቶ ይፈትጋል። መደላድሉ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ከገላ ጋር አብሮ ስለሚሄድ የሚፈተግ ነገር አይኖርም። የመደላድሉ የላይኛ ጨርቅም ስፌት የሌለበት ወይም በጣት ሲዳሰስ የማይታወቅ ጠፍጣፋ ስፌት ያለበት መሆን አለበት። ቁምጣውን ገልብጦ በጭኑ ውስጠኛ ወገን ያለውን ስፌት በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል፤ እጅ የሚሰማው ከሆነ ጭን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይበልጥ ይሰማዋል።

ሲለኩት ቆሞ መፍረድ ያሳስታል። ቆመው ሲያዩት የሚያጥርና ወደ ፊት የሚጎትት የሚመስለው ቁምጣ በኮርቻ ላይ ጎንበስ ሲሉ ልክ ይሆናል፤ ቆመው ሲያዩት ልክ የሆነው ደግሞ ሲቀመጡ ይሰበሰባል። እኔ የምለካው በወንበር ጫፍ ተቀምጬ ክንዴን ወደ ፊት ዘርግቼ ነው። መደላድሉ ከገላዬ የሚለይበት ክፍተት ካለ፣ ወይም ጭኔ ላይ ጨርቁ የሚታጠፍ ከሆነ፣ በቁጥር አንድ ዝቅ ያለውን እጠይቃለሁ። ወገቡ ሰፊና ከኋላ ከፍ ያለ ይሁን፤ ቀጭን ላስቲክ ሆድን ይቆርጣል። የእግሩ ጫፍም እንዲሁ ሰፋ ባለ ጨርቅ የሚይዝ ቢሆን ይሻላል። ከትከሻ በማንገቻ የሚያዘው ዓይነት ወገብን ስለማያጠብቅ ምቾቱ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከመራዊ መንገድ ዳር ውኃ ሽንት ለመሄድ ሙሉ ልብስ ማውለቅ ለሴት አስቸጋሪ በመሆኑ እኔ አልመረጥሁትም። አሁን ማንገቻውን ሳያወልቁ ከኋላ ዝቅ የሚደረጉ አሉ፤ እነሱ ለሚያገኙ ሴቶች ጥሩ ናቸው።

በወር አበባ ቀናት የተለመደው ሞዴስ በመደላድሉ ላይ እየተጠቀለለ ስለሚፈትግ፣ ለረጅም ጉዞ የወር አበባ ኩባያ (ወደ ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚቀበል ለስላሳ ኩባያ) የሚጠቀሙ ጓደኞቼ ምቾት አግኝተዋል። እኔ በእነዚያ ቀናት አጭር መንገድ እነዳለሁ።

ጎጃም ቁምጣ የገበሬው ክብር ያለው ልብስ የሆነበት አገር ነው። ሰፊ፣ እግርን ለእርምጃ የሚለቅቅ ነው፤ ማንም አይቶ አይገረምም። ሴት ልጅ በጠባብ ቁምጣ ስትወጣ ግን ዓይን ይበዛል፤ ይህን ችላ በይው ማለት ለእኔ ቀላል ምክር አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በመንገድ ላይ የምታፍር ሴት በልቧ ሳትደላደል ትነዳለች። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። መደላድል ያለውን ቁምጣ ከሥር ለብሶ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፋ ያለ ቁምጣ ወይም ቀለል ያለ ሱሪ መደረብ ይቻላል፤ ለዚሁ ተብለው በወንፊት መሰል ጨርቅ የሚሠሩ ቀጫጭን የውስጥ ቁምጣዎችም አሉ። የሚደረበው ሱሪ በመቀመጫው በኩል ወፍራም ስፌት እንዳይኖረው መጠንቀቅ ነው፤ ጂንስ ፈጽሞ አይሆንም። ረጅም ቀሚስና የነጠላ ጫፍ በጎማና በካቴና ውስጥ ስለሚገቡ በረጅም መንገድ ላይ መለበስ የለባቸውም።

ከልባሽ ገበያ የሳይክል ቁምጣ መግዛትን አልመክርም። ሌላ ልብስ ከልባሽ እገዛለሁ፤ ነገር ግን ይህ የሌላ ሰው ገላ በቀጥታ ያረፈበት ነው፣ ስፖንጁም ምን ያህል እንደ ደከመ ከላይ አይታይም። ገንዘብ ካጠረ ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ ጥሩ ገዝቶ በሚገባ መያዝ ይሻላል።

አያያዙም የምቾቱ ክፍል ነው። ቁምጣውን ቤት እንደ ደረስሁ አወልቃለሁ፤ በላብ የረጠበ መደላድል ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ለቆዳ ብጉርና ለማሳከክ በር ይከፍታል። ገልብጬ በቀዝቃዛ ውኃና በቀላል ሳሙና ወዲያው አጥበዋለሁ። በረኪና የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል፤ ጨርቅ ማለስለሻም ላብ የሚያስወጣውን ጨርቅ ይደፍነዋል፤ ካውያም አላስጠጋውም። ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ አሰጣዋለሁ። በክረምት መደላድሉ ቶሎ ስለማይደርቅ እሑድ የታጠበው አንዳንዴ ማክሰኞም እርጥብ ነው፤ ያልደረቀውን ለብሶ መውጣት ደግሞ መገጠብን መጥራት ስለሆነ በእነዚያ ወራት ሁለተኛ ቁምጣ ያስፈልጋል። ጨርቁ በብርሃን ፊት ሲያዩት ከኋላ ሳስቶ ገላ የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም መደላድሉ ተጭነው ሲለቁት ካልተመለሰ፣ ጊዜው አብቅቷል። የእኔው ሁለተኛ ቁምጣ ባለፈው ሳምንት እዚያ ደርሷል፤ አሁን ሌላ እየፈለግሁ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የለካሁትንም 13 ሴንቲ ሜትር በወረቀት ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ።