ከግጦሽ የተመለሰ ፈረስ እግር ላይ ስለማገኘው ቁስል

እንጅባራ አካባቢ ሦስት ፈረሶች አሉኝ፤ አንድ ዳማ ድንጉላ፣ አንዲት ባዝራና የ2 ዓመት ልጇ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የምጋልበው ዳማውን ስለሆነ፣ ለእግሩ የማደርገው ጥንቃቄ ለራሴ ከማደርገው ሳይበልጥ አይቀርም። ክረምት ሲገባ ሁሉንም ከመንደራችን በታች ወዳለው የወል ግጦሽ አሰማራቸዋለሁ። ማታ ሲመለሱ ታዲያ ከሦስቱ አንዱ ጠዋት ያልነበረ ጭረት፣ ጸጉሩ የተላጠ ቦታ ወይም እብጠት እግሩ ላይ ይዞ ይመጣል። እረኛው የጎረቤቴ ልጅ ሲጠየቅ «እኔ አላየሁም፣ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ልጁ በድንጋይ ይመታቸዋል ብዬ ደመደምሁና ለአባቱ ከሰስሁት። አባትየው ዳማውን ዞሮ ካየው በኋላ፣ «ድንጋይ የሚወረውር ቢሆን ጭኑንና ጎኑን ትቶ ቅልጥሙን ብቻ እየመረጠ እንዴት ያገኘዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ አንድ ደብተር ገዝቼ ያገኘሁትን ቁስል ሁሉ መመዝገብ ጀመርሁ፤ የትኛው እግር እንደሆነ፣ ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ከኮቴው በላይ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ፣ ፈረሱም በዚያ ቀን የት እንደዋለ።

ከሰኔ እስከ መስከረም 11 ቁስሎች ጻፍሁ። አምስቱ በቅልጥሙ ፊት ለፊት፣ ከኮቴው በላይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስንዝር ባለው ቦታ ላይ የወጡ ጭረቶች ሲሆኑ፣ ሁሉም የደረሱት ፈረሶቹ ወደ ወንዙ በሚወርዱበት ቀን ነበር። መንገዱን በእግሬ ስከተለው ለከሰል ተብሎ የተቆረጠ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ማሳ ዳር ደረስሁ። ጉቶዎቹ በመጥረቢያ በሰያፍ ስለተቆረጡ ጫፋቸው ሹል ነው፤ የክረምቱ ሣር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗቸዋል። ከአንዱ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ዳማ ጸጉሮች ተጣብቀው አገኘሁ።

ሌሎቹ ሦስት ቁስሎች ከኮቴው በላይ በስተኋላ ባለው እጥፋት ላይ የነበሩ ናቸው። እነዚህን ጭቃ ያመጣቸው መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከእርጥበት የሚመጣው ቁስል ቅርፊት እየሠራ ይበታተናል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ እግር በላይ ይይዛል። የእኔዎቹ ግን አንድ እግር ላይ ብቻ፣ ዙሪያውን በቀጭኑ የተላጡ መስመሮች ነበሩ። ይህ የገመድ ሥራ ነው። ልጁ እኩለ ቀን ላይ ችካል ተክሎ የሚያስርበትን የናይለን ገመድ የሰጠሁት እኔው ራሴ ስሆን፣ በሰፊ ጠፍር ስለውጠው ይህ ዓይነቱ ቁስል ቀረ። አንዱ ከቋንጃው ውጭ ያለ እብጠት የሌላ ፈረስ እርግጫ እንደነበረ የኮቴው ቅርጽ ይመሰክራል። ከቀሩት ሁለቱ ለአንዱ ምክንያት ላገኝለት አልቻልሁም።

ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላው ነው። ውርንጭላው ከፊት እግሩ ቁርጭምጭሚት አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ይዞ መጣ፤ ደም እንኳ አልነበራትም፣ እኔም በጨው ውኃ አጥቤ ተኛሁ። ሲነጋ እግሩን መሬት ማስረገጥ አልቻለም፤ በእጄ ጀርባ ስነካው ከሌላው እግር ይልቅ ይፋጃል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ጸጉሩን ላጨና ከውስጡ የጥፍር ርዝመት ያላት እሾህ አወጣ። መገጣጠሚያው ውስጥ ባለመግባቷ ተረፍን፤ ብትገባ ኖሮ ከቀዳዳው የሚያጣብቅ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣ እንደነበረ፣ ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ሌሊት ማሳደር ፈረሱን ሊያሳጣኝ ይችል እንደነበረ ነገረኝ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋው፤ ይህ በሽታ አየር በማያገኝ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥ ስለሚያድግ፣ ፈረስም ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ ስለሚጠቃበት፣ የጠበበው ቀዳዳ ከሰፊው ጭረት ይልቅ ያሰጋል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አራቱንም እግር ጥንድ ጥንዱን እያነጻጸርሁ ሙቀቱንና እብጠቱን በእጄ ጀርባ እለካለሁ፣ ኮቴውን አንሥቼ ድንጋይ እፈልጋለሁ፣ ጠጣር መሬት ላይም አስረግጬ አያለሁ። በፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ጤነኛውን እግር ሲያሳርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም የኋላ እግሮች በጋጣ አድረው እኩል ካበጡ፣ ካልሞቁና ሲራመድ ከጎደሉ አልጨነቅም። ቆዳው ያልተቀደደውን እብጠት ጅረት ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቆመዋለሁ፤ የተቀደደውን ግማሽ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ አጥባለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባቱንና በጋለ ብረት መተኮሱን ትቻለሁ፤ ሁለቱም የዳነውን ሥጋ ይገድላሉ። ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ በእግሩ ላይ ወደ ላይ የሚወጡ፣ በመስመር የተደረደሩ እባጮች ከታዩ፣ በአገራችን ፈረሶች ላይ የሚታየው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለ ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈረሱን ከመንጋው ለይቼ ባለሙያ እጠራለሁ።

ልጁን በአባቱ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከግጦሽ ሲመለስ ገና በር ላይ ሳልጠይቀው፣ «ባዝራዋ፣ የግራ የፊት እግር፣ ከውስጥ፣ አንድ ስንዝር» አለኝ። ምን እንደነካት ግን እሱም አላየም።